ከሆስፒታል ወጥቶ በቤቱ የሚታከመውን የካንሰር ሕመምተኛ በስልክ ስለ መርዳት

ሰው ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ይጨነቅለታል፤ ምግብ ይዞ ይመላለሳል፤ ከአልጋው አጠገብ ያድራል። «ወደ ቤትህ ሂድ» ተብሎ በወጣ ጊዜ ግን ሁሉም እፎይ ይላል፤ ጠያቂውም ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ይሄዳል። ይህ ልማድ እግሩ ተሰብሮ ለተጠገነ ወይም በወባ ታሞ ለተፈወሰ ሰው ብዙ ጉዳት የለውም። በካንሰር ለታመመ ሰው ግን ከሆስፒታል መውጣት አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናው መካከል እንጂ መጨረሻው አይደለም። ከሐኪም ዓይን የሚርቅበትም ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የሚገኙ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች፣ ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ በሚገኘው ስልክ አማካይነት ይህን ሕመምተኛ እንዴት ሊረዱት እንደሚችሉ በዚህ ወር ጽሑፋችን ልንገልጥ ወደድን።

ስለ በሽታው ስም ጥቂት ቃል

በቀድሞው አነጋገራችን ይህ በሽታ «ነቀርሳ» ይባል ነበር፤ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠሩት አሉ። ነገር ግን «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱ ቲቢ የሚባለው፣ በዓይን በማይታይ ተሕዋስያን የሚመጣና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የሁለቱ ስም መመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። ካንሰር ማለት ከገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት አንዳንዶቹ ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲባዙና ወደ ሌላው የአካል ክፍል ሲዛመቱ የሚፈጠር ሕመም ነው። ሕመምተኛውን በመንካት፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ በመብላት ወይም ልብሱን በማጠብ ካንሰር አይያዝም። ስለዚህ ዕቃ የሚለይበትና ሰው የሚሸሸው ሕመምተኛ ያለ አንዳች ምክንያት ሁለተኛ ሕመም ይጨመርበታል ማለት ነው።

በሽታውም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ለ2020 ባወጣው ግምት መሠረት፣ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በካንሰር መታመማቸው ሲታወቅ፣ ከ51 ሺህ የሚበልጡት ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በአገራችን ሴቶች ዘንድ የጡት ካንሰርና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ከሃያ አንዱ ቀን ሃያው በቤት ነው

ለካንሰር ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ሳይሆን፣ በየዙሩ የሚሰጥና ሰውነት እንዲያገግም በመካከሉ የዕረፍት ጊዜ ያለው ነው። የዙሩ ርዝመት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ 21 ቀን ነው። መድኃኒቱን በአንድ ቀን ተቀብሎ የሚሄድ ሰው ቀሪዎቹን 20 ቀናት የሚያሳልፈው በቤቱ ነው። ስድስት ዙር የታዘዘለት ሰው ደግሞ በጠቅላላው ከ126 ቀናት ውስጥ ከሐኪም ፊት የሚቀርበው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። የቀሩትን ቀናት የሚጠብቁት ቤተ ሰቡና ጎረቤቱ ናቸው።

በዚህም ላይ የመንገዱን ርቀት መጨመር አለብን። ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎንደር ከዚያ ይርቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጨረር የሚሰጠው ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት የገጠር ቀበሌ የመጣ ሕመምተኛ መኪና መንገድ እስኪደርስ ድረስ ራሱ ብዙ ይደክማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሐኪሙ መመለስ አይቻለውም። ባይመለስም ግን ጥያቄው አይቀርም።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንዲት እናት ስለ ጡት ካንሰር ኬሞቴራፒ ተቀብላ ወደ ፋርጣ ወረዳ ተመለሰች እንበል። በዐሥረኛው ቀን ሌሊት ብርድ ብርድ ይላታል፤ ሰውነቷ ይግላል። ቤተ ሰቧ «ምች መቷት ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ያጠጣታል፤ ጋቢ ደርቦ ያስተኛታል፤ እስኪነጋ ይጠብቃል። ሌላውም «መድኃኒቱ ነው፤ ይለቃታል» ይላል። ሁሉም በፍቅር ያደርጉታል፤ ነገር ግን ያች ሌሊት ሕይወቷን ልታሳጣት ትችላለች።

ምክንያቱም ይህ ነው። ኬሞቴራፒ የካንሰሩን ሕዋሳት ሲያጠፋ፣ ሰውነትን ከልዩ ልዩ ተሕዋስያን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ያሳንሳል። ቁጥራቸው እጅግ የሚያንሰው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ብዙ ጊዜ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ነው። በዚህ ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ለሌላ ሰው ቀላል ቢሆንም፣ ለዚህች እናት የደም መመረዝ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም አለ፤ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በሰዓት ነው። በዚያ ሌሊት ወደ ሆስፒታል ደውሎ «ኬሞቴራፒ ከወሰደች 10 ቀን ሆኗታል፤ ትኩሳቷ 38 ተኩል ነው» ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር፣ «እስኪነጋ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል አምጧት» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ስልክ ሕይወት የሚያድነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

በሌላ አገርና በአገራችን የታየው ውጤት

ይህ ነገር በጥናትም ተረጋግጧል። በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ በሚገኘው በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ ካንሰራቸው ወደ ሌላ የአካል ክፍል የተዛመተባቸው 766 ሕመምተኞች በጥናት ተሳትፈው ነበር። ከእነርሱ የአንዱ ክፍል ሕመምተኞች ስለ ማቅለሽለሻቸው፣ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ትንፋሻቸውና ስለ መሰለው ሁሉ በኮምፒዩተር በየጊዜው እንዲገልጡ ተደረገ፤ ነገሩ በባሰ ጊዜም ለነርሷ መልእክት ይደርሳት ነበር። ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ስሜታቸውን በየጊዜው ይገልጡ የነበሩት በመካከለኛ ልኬት 31.2 ወር ሲኖሩ፣ ሌሎቹ 26 ወር ኖረዋል። ይህን የአምስት ወር ልዩነት ያመጣ አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ የሕመምተኛው ቃል በጊዜው ከሚሰማው ሰው ጆሮ መድረሱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በ8 ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እናገኛለን። የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው፣ በሽታው እንዳይመለስ ታሞክሲፌን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ በቤታቸው የሚውጡ ሴቶች አሉ። ይህ ክኒን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወሰድ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ደኅንነት ሲሰማቸው ያቋርጡታል። በጥናቱ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ሴቶቹን እየመከሩና እያስታወሱ፣ የቀሩትንም እየፈለጉ ይከታተሉ ነበር። ነርስ የተከታተለቻቸው ሴቶች ካልተከታተለቻቸው ይልቅ መድኃኒታቸውን በሚገባ መውሰዳቸው ታየ። ከዚህ የምንረዳው፣ ጥበቡ የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ ሳይሆን፣ «እንዴት ውለዋል? ክኒኑን ወሰዱ?» ብሎ የሚጠይቅ የታወቀ ሰው መሆኑን ነው።

ሕመምተኛን እቤቱ ድረስ መከታተልም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ፣ ሕመማቸው የጸናባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄደ ሕመማቸውን ሲያስታግስ ቆይቷል። የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ከክፍላተ አገር ለሕክምና የሚመጡትን ችግረኞች በማሳረፍና በመርዳት የታወቀ ነው።

ከሆስፒታል ሳይወጡ መደረግ የሚገባው

ስልኩ የሚጠቅመው አስቀድሞ ዝግጅት ከተደረገ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን ሊያመጣ የሚሄድ ማንኛውም ማንበብ የሚችል ዘመድ ከዚህ በታች ያለውን ሳይፈጽም ከሆስፒታሉ በር አይውጣ።

1ኛ፤ የሕክምና ክፍሉን የስልክ ቁጥር ይቀበል። በቀን የሚሠራውንና በሌሊት ወይም በበዓል ቀን የሚሠራውን ለይቶ ይጠይቅ። ቁጥሩንም እዚያው እያለ ደውሎ ይሞክረው።

2ኛ፤ የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በወረቀት አስጽፎ ይያዝ። በስልክ የሚሰማው ሐኪም ሕመምተኛውን አይቶት የማያውቅ ተረኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህች ወረቀት ከብዙ ትረካ ትበልጣለች።

3ኛ፤ ለሆስፒታሉ የሚሰጠው ቁጥር የማን ስልክ እንደ ሆነ ይናገር። በብዙ ቤት ስልኩ የባል ወይም የልጅ ነው፤ እርሱም ገበያ ወይም እርሻ ይዞት ይውላል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር መስጠት ይገባል፤ አንዱ የጎረቤት ቢሆን መልካም ነው።

4ኛ፤ ነርሷ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምትደውል፣ ወይም ቤተ ሰቡ በየትኛው ቀን እንዲደውል ይስማሙ። ኬሞቴራፒ ለወሰደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና በ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን መካከል መነጋገር ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ነው።

5ኛ፤ ትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ይግዛ፤ ንባቡንም ይማር። «ግሏል» ከማለት «38 ዲግሪ ሆኗል» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ»

አሁን በባህላችን ምክንያት ስለሚመጣ አንድ ችግር እንናገራለን። በስልክ «እንደምን ዋሉ? ደኅና ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ የአገራችን ሰው፣ በተለይም አረጋዊ፣ እየተሠቃየም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው፤ ምስጋናውንም ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን ነርሷ ይህን መልስ በመዝገቧ «ደኅና ናቸው» ብላ ከጻፈች፣ ሕመሙ ከሰላምታው በታች ተሸሽጎ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያችንም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰላምታው በሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ጥያቄው ተለይቶ መቅረብ አለበት። «እናቴ፣ ትናንት ስንት ጊዜ አስመለሰዎት? ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመሱ? ሽንትዎ ይወርዳል? ከተቀመጡ ስንት ቀን ሆነዎት? አፍዎ ቆስሏል? ሕመሙ እንቅልፍ ነሣዎት?» እያሉ መጠየቅ ይገባል። የሕመሙንም ብርታት ለማወቅ፣ ምንም ሕመም የሌለውን 0፣ ከቶ የማይቻለውን 10 ብለን «ዛሬ ስንት ነው?» ብንል፣ ካለፈው ሳምንት መልስ ጋር ለማስተያየት ይመቻል። ነርሷ ባትደውልም እንኳ ልጅ ወይም ጎረቤት እነዚህን ጥያቄዎች በየማታው እየጠየቀ በደብተር ቢመዘግብ፣ ስልኩ በተደወለ ጊዜ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ስለ ምስጢር

የጡትና የማኅፀን ሕመም በልጅ ወይም በአማት ፊት የሚነገር አይደለም። አንዲት ሴት የባልዋን ስልክ ይዛ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማት፣ ስለሚወርዳት ፈሳሽ ልትናገር አትችልም። ስለዚህ ከደዋዩ ወገን «አሁን ለመነጋገር ይመቸዎታል? አጠገብዎ ማን አለ?» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው። ከቤተ ሰቡ ወገን ደግሞ ስልኩን ሰጥቶ ከክፍሉ መውጣት ይገባል። በጽሑፍ በሚላክ መልእክትም ላይ የበሽታው ስም አይጻፍ፤ «እባክዎ ይደውሉልን» የሚለው ብቻ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ቤተ ሰብ «ስሙን ከሰማች ልቧ ይሰበራል» በማለት በሽታውን ከሕመምተኛዋ ይሸሽጋል። ይህ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ስልክ ለሚደውለው ሰው ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ምን እንደ ተነገራት ሳያውቅ በአንድ ቃል ሊያስደነግጣት ይችላልና። እርስዋም ስለ በሽታዋ ካላወቀች አደገኛውን ምልክት ከቀላሉ ለይታ ልትናገር አትችልም። ስለዚህ ምን እንደ ተነገራት ለሆስፒታሉ በግልጥ ማስታወቅ፣ ቀስ በቀስም በምታምነው ሰው አፍና በሐኪም ምክር እውነቱን እንድትሰማ ማድረግ ይሻላል። ብዙ ሕመምተኞች ከሚነገራቸው እውነት ይልቅ በዙሪያቸው ያለው ሹክሹክታ ያስፈራቸዋል።

ስለ ሕመም ማስታገሻ

በቤት ሳሉ ብዙውን ጊዜ ጥያቄ የሚነሣው ስለ ሞርፊን ነው። ሐኪም ያዘዘው ሞርፊን ለካንሰር ሕመም ታላቅ ማስታገሻ ነው፤ መታዘዙም ሰውየው ሊሞት ነው ማለት አይደለም። የሚጠጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ የሚወሰድ በመሆኑ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ መወሰድ አለበት። በዚህ ረገድ ስልኩ ራሱ በማንቂያ ደወሉ ያገለግላል። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ፣ አብሮት የሚታዘዘው የሆድ ማለስለሻ አይዘንጋ። ሕመምተኛው ሲጠሩት የማይነቃ ወይም ትንፋሹ እጅግ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ወዲያውኑ ይደወል። መድኃኒቱም ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

ስልክ የማይበቃባቸው ምልክቶች

ስልክ የሐኪምን እጅ አይተካም። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች በታዩ ጊዜ፣ እየደወሉም ቢሆን፣ ሕመምተኛውን ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ማድረስ ግዴታ ነው፤

ኬሞቴራፒ ከወሰደ በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፤
የማይቆም የደም መፍሰስ፤
ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤
እግር በድንገት መስነፍ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤
ውሃ እንኳ ሳይረጋ ቀኑን ሙሉ ማስመለስ፤
መቀባዠር ወይም ሰው አለመለየት፤
የአንድ እግር ብቻ ማበጥና መሞቅ።

ትኩሳቱንም ሳይለኩና ሳይደውሉ በማስታገሻ ክኒን አብርዶ ማሳደር፣ እሳቱ እየነደደ ጭሱን ብቻ እንደ መሸፈን ነው።

ስለ ጠበልና ስለ ዋንዛዬ ፍል ውሃ

በአካባቢያችን ሕመምተኞች ጠበል መሄዳቸውና በዋንዛዬ ፍል ውሃ መጠመቃቸው የታወቀ ነው። እምነትን መንካት የጽሑፋችን ዓላማ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገር እናሳስባለን። የቀዶ ጥገናው ቁስል ሳይደርቅና ነጭ የደም ሕዋሳት ባነሱበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው በሚታጠብበት ውሃ መግባት ለተሕዋስያን ያጋልጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለነርሷ ደውሎ ቀኑን መጠየቅ ይገባል። መድኃኒቱ በጠበሉ ምክንያት አይቋረጥ። ሦስተኛም፣ ወደዚያ ሲኬድ ስልኩና ወረቀቷ ከሕመምተኛው ጋር ይሂዱ፤ ቀጠሮው የደረሰ ሕመምተኛ ተፈልጎ የማይገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። ስለ ጾምም ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል።

በዚሁ አንጻር፣ በስልክ የሚመጣው ሁሉ መልካም እንዳልሆነ እናስጠነቅቃለን። በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም «ካንሰርን በ7 ቀን የሚፈውስ» እያሉ ቅጠልና ዱቄት የሚሸጡ አሉ። እነዚህ የጭንቀት ሰዓት ጠብቀው የሚመጡ ናቸው። ገንዘብ ከመላክ በፊት ለሕክምና ክፍሉ መደወል ብዙ ቤት ከኪሣራ ያድናል።

ኔትዎርክ በማይገኝበት ስፍራ

በጉና ተራራ ዙሪያና በጋይንት ሸለቆዎች የስልክ ሞገድ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች እንዳሉ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በክልላችን ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረም የሚዘነጋ አይደለም። ስለዚህ የሕመምተኛ ክትትል በኢንተርኔት ብቻ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ተራ የድምፅ ጥሪ፣ አጭር ጽሑፍና የወረቀት ደብተር ሦስቱ አብረው ይሁኑ።

ሞገድ በማይደርስበት ቀበሌ፣ ከኮረብታው ላይ ወጥቶ በተወሰነ ሰዓት የሚደውል አንድ ብርቱ ወጣት ይመረጥ። ስልኩም ሁልጊዜ ባትሪው ሙሉ እንዲሆንና ሒሳብ እንዳይጎድለው፣ ዕድር ወይም ማኅበር ኃላፊነቱን ቢወስድ ወጪው ከለቅሶ ድንኳን እጅግ ያነሰ ነው። በየቀበሌው የተመደቡትም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንደ ሁለተኛ ጆሮ ሊያገለግሉ ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ በተመለሰ በማግሥቱ፣ በፈቃዱ፣ ይነገራቸው።

የመምህራን ድርሻ

በገጠር ቀበሌ የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መምህሩን ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወረቀቱን አንብቦ ከመመለስ አልፋችሁ፣ ቀጠሮውን በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር በትልልቅ ፊደል ጻፉለት፤ የሆስፒታሉን ቁጥር በስልኩ ላይ መዝግቡለትና እንዴት እንደሚደወል አሳዩት፤ ቴርሞሜትሩን ለታላቅ ልጁ አስተምሩት። እናቱ የታመመችበት ተማሪ አርፍዶ ሲመጣ ወይም ሲያንቀላፋ ከመቅጣት በፊት ጠይቁት፤ ሌሊቱን ያደረው ማስታመም ላይ ሊሆን ይችላል። ያወቃችሁትንም ምስጢር ጠብቁ።

አስታማሚውም ሰው መሆኑን አንርሳ። ለወራት ሳታርፍ የምታስታምም ሴት ልጅ ራሷ ልትታመም ትችላለች። ለሕመምተኛው የሚደውል ሁሉ በመጨረሻ «አንቺስ ዛሬ ተኝተሽ አደርሽ?» ብሎ ይጠይቃት። መዳን የማይቻልበት ጊዜ እንኳ ቢመጣ፣ ጥሪው መቋረጥ የለበትም። ያን ጊዜ ስልኩ የሚያመጣው ሕመምን የማስታገሻ ምክርና «አልተረሳችሁም» የሚል ቃል ነው፤ ይህም ትልቅ ሕክምና ነው።

እንግዲህ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ስልክ ለንግድ፣ ለሰላምታና ለመርዶ ሲያገለግለን ኖሯል። ከዛሬ ጀምሮ ለማስታመምም እናውለው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ፣ በመንደሩ ከሆስፒታል የወጣ የካንሰር ሕመምተኛ ካለ፣ እስከ ነገ ሳይል ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ የሆስፒታሉ ቁጥር በቤቱ አለ ወይ? ቴርሞሜትር አለ ወይ? በሌሊት የሚደውለው ሰው ማን ነው? ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ፣ ያንኑ ዕለት ያሟላለት።